ከፒካፑ ኋላ ማን ነበር

ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ማጭዱን በጨርቅ ከጠቀለለ የቀን ሠራተኛ ጎን ተቀምጫለሁ። ከፊታችን አንድ የሰሊጥ እርሻ ባለቤትና አንድ መካኒክ እዚያው ተዋውቀው ያወራሉ።

«ለፒካፔ የዲፈረንሻል መቆለፊያ ላስገጥም ነው። በራሱ የሚቆልፈው ይሻላል ወይስ በበተን የሚሠራው?»

«የት ልትነዳበት?»

«እርሻ ነዋ! ዋልካው ላይ።»

«እንግዲያው የበተኑ ይሻልሃል። ጭቃ ሲይዝህ ትጫነዋለህ፤ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል ይዞራሉ። አስፋልት ላይ ታጠፋዋለህ።»

«በቃ እሱን ግጠምልኝ። ከእንግዲህ ሰው ወርዶ እንዲገፋልኝ አልፈልግም።»

«ምነው?»

«ክረምት ላይ እርሻውን ላሳያቸው ብዬ አማቴን ይዣቸው ስሄድ ጭቃ ያዘን። እሳቸውን ዛፍ ሥር አረፍ ይበሉ ብዬ አወረድኳቸው። ከኋላ የተጫኑት ሠራተኞች ወርደው ሲገፉ፣ እኔ ጋቢና ቁጭ ብዬ ነዳጅ እየሰጠሁ፣ ‹ግፉ እንጂ! እናንተ ልግመኞች፣ ጉልበታችሁ ለመብላት ብቻ ነው?› እያልኩ እጮሃለሁ።»

«እሺ?»

«እንደወጣን ዞር ብዬ ባይ፣ አማቴም ከሠራተኞቹ ጋር ሲገፉ ኖሯል። ነጠላቸውም ፊታቸውም ጭቃ ብቻ።»

«ወይ ጉድ! ምን አሉህ?»

«ጭቃውን ከፊታቸው ጠርገው ጋቢና ገቡ፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ ዐይናቸውን ማየት አቃተኝ። እሳቸው መሆናቸውን ባውቅ እንዲያ እላለሁ?»

«ሠራተኞቹስ?»

«እነሱማ ለምደውታል።»

ከጎኔ ያለው ሠራተኛ ማጭዱን ከአንዱ ጭኑ ወደ ሌላው ቀስ አድርጎ ሲያዛውር ተሰማኝና፣ እስከ መተማ ድረስ ፊቱን ላለማየት በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያየሁ ሄድኩ።