መራራው የማን ነው?

መልካሳ እርሻ ምርምር ማዕከል አብሮኝ የሚሠራ አንድ አርጀንቲናዊ አለ። አዳማ እቤታችን ምሳ ጋበዝኩት። ከምሳ በኋላ ማቴ የሚሉትን የአገሩን ቅጠል በትንሽ ቅል አድርጎ ሙቅ ውሃ ጨመረበትና፣ በብረት ስትሮ ራሱ ቀድሞ ጠጣ። አባቴ ፊታቸው ተለወጠ። «ሽማግሌ ተቀምጦ?» አሉኝ። ተሳቀቅኩ። እንደ ምንም ብዬ ለምን ቀድሞ እንደጠጣ እንግዳዬን ጠየቅኩት። «የመጀመሪያው በጣም ይመራል፤ ለሰው አይሰጥም። ያዘጋጀው ሰው ራሱ ይጠጣዋል» አለኝ። ተረጎምኩላቸው።

እኛ ቤት ቡና የምታፈላው እናቴ ናት፤ አቦሉ የአባቴ ነው፣ የእሷ የተረፈው። እንግዳዬ ቅሉን እንደገና ሞልቶ ሲዘረጋላቸው በእጃቸው ወደ እናቴ መለሱት። «ለእሷ ስጣት። የዚህን ቤት መራራ ስትጠጣ የኖረችው እሷ ናት።» እናቴ ፊቷን ሳታጨማድድ ጠጣችና «ይሄ ነው እንዴ መራራ የሚባለው?» አለች።