የሽሬው ምስር ወጥ

ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች በደርግ ጊዜ ስለነበረው ጦርነት ያወራሉ። አንዱ የመንግሥት ጦር ወጥ ሠሪ፣ ሌላው ታጋይ ነበሩ።

«ነገሩ ያበቃለት ሽሬ ላይ ነው» አሉ ታጋዩ። «ከዚያ በኋላ የነበረው ሩጫ ነው።»

«ሩጫውንማ እኔን ይጠይቁኝ! ምስር ወጥ የጣድኩበትን ጎላ ትቼ ነው የሮጥኩት።»

«አንድ ጆሮው የተሰበረ ጎላ?»

«እንዴት አወቁ?»

«ምሽጉ ውስጥ አገኘነዋ! ርቦናል፤ ግን መርዝ ቢሆንስ ተባለ። ማን ይቅመስ ብለን ዕጣ ጣልን፤ ለእኔ ወጣ።»

«መርዝ? የእኔ ወጥ?»

«ለእናቴ የሚነገረውን ለጓዶቼ ተናዝዤ፣ አማትቤ ጎረስኩ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ጨው የለውም።»

«ጨዉን ልጨምር ስል እኮ ነው የደረስክብኝ! አምስት ደቂቃ ብትታገስ ምን ነበረበት?»

«ከተማ ልንይዝ እንጂ ምሳ ልንበላ መች መጣን?»

«በል ወንድሜ፣ ዛሬ ምሳ ቴፒ እኔ ቤት ነው። ምስር ይሠራል።»

«መጀመሪያ ማን ይቀምሳል?»

«አንተ ነሃ! ልምዱ አለህ።»

«ወራጅ አለ» ማለት የነበረብኝ ቦታ ካለፈ ቆይቶ ነበር።