በካርዱ ላይ ባዶ የተውኩት ቦታ

ክቡራትና ክቡራን፣ የቢሯችን ኃላፊ ጓድ አፈወርቅ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤

ለጡረታ መሸኛዬ ስለሰጣችሁኝ የሱፍ ባና አመሰግናለሁ፤ ከእንግዲህ ብርድ አያገኘኝም። ከባናው በላይ ግን ዛሬ ወንበር ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። በዚህ የዕርዳታ እህል ቢሮ ስድስት ዓመት ወለል ስጠርግ እግራችሁን ብቻ ነበር የምታነሡልኝ። ቂም አይደለም። እሺ፣ ቂም ነው። ቢሆንም እወዳችኋለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በአርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ከዚያ በኋላ መጥረጊያውን ተቀብላችሁ ካርድ መሙላት ሰጣችሁኝ። እኔ የጻፍኩትን ወንዳፈራሁ ወደ ኮምፒዩተሩ ያስገባል። ዛሬም የቆምኩት ስለ እሱ ነው፤ በፋይሉ ውስጥ ስላለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ።

ዓምና ከማሽኑ በወጣው ዝርዝር የሠላሳ ስምንት መበለቶች ስም እንደጠፋ ታስታውሳላችሁ። ማንጠግቦሽ የምትባል መበለት ከቀየት መንደር ሁለት ጊዜ መጥታ «ስምሽ የለም» ተብላ ባዶ ስልቻዋን ይዛ ተመለሰች። በሦስተኛው እኔ አገኘኋት። ካርዷን በእጄ ጽፌ እንዴት ስሟ አይኖርም? ወንዳፈራሁ ዘንድ ገባሁ።

«እትዬ ኮከቤ፣ ማሽኑ እኮ የታዘዘውን ነው የሚሠራው።»

«አዛዡ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«እንግዲያው ያዘዝከውን አንብብልኝ።»

እንግሊዝኛውን እየተረጎመ አነበበ። «የባል ስም በሚለው ቦታ ‹የለም› ተብሎ ከተጻፈ ከመበለቶች ጋር አስገባት። ‹የለም› ካልሆነ ከባለትዳሮች ጋር አስገባት።»

«ምንም ካልተጻፈስ?»

መነጽሩን አወለቀ። ሞከረው። ማሽኑ ቦታው ባዶ ሲሆንበት የሚያነጻጽረው ነገር አጣ፤ በሁለቱም ጥያቄ ላይ «ስሕተት» ብሎ አጉረመረመና ሴትየዋን ዘሏት አለፈ።

ወንዳፈራሁ የሚጠየቀውን ነገር በጥቅስ ምልክት ከበበው፤ ያን ጊዜ ባዶውም ባዶ መሆኑ ታወቀ። ከሁሉ በፊት ደግሞ «ቦታው ባዶ ነው ወይ? ከሆነ ከመበለቶች ጋር አስገባት» የሚል ትእዛዝ ጨመረ። ሲቸኩል ከቅንፉ ቀጥሎ ክፍተት መተው ረሳና ማሽኑ እንደገና እንቢ አለ።

«ትንሽ ቦታ ካልተውኩለት ያኮርፋል። ከእርስዎ ይብሳል እኮ!» አለኝ።

ሳቅሁ። በቀላሉ የማልስቀው እኔ!

መበለቶቹ በሳምንቱ ስንዴያቸውን ወሰዱ። የቢሯችን ካድሬ ግን «ይህ አሻጥር ነው» ብሎ ስብሰባ ጠራ። ያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችን እናውቃለን። ወንዳፈራሁ የሁለት ልጆች አባት ነው። ተነሥቶ «አሻጥር አይደለም፤ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው» አለ። ጓድ አፈወርቅ ተከራክረውለት በማስጠንቀቂያ አለፈ።

ቦታውን ባዶ የተወው ማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔ ነኝ።

መመሪያው «ባል ከሌላት ‹የለም› ተብሎ ይጻፍ» ይላል፤ አንብቤዋለሁ። ግን መበለቶቹን «ባልሽስ?» ስላቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። የሞተ ባሏን በአፏ «የለም» የምትል ሴት በእኛ ቀዬ አላውቅም። እኔም ባሌን አምባዬን ከቀበርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን «የለም» ብዬ አላውቅም። እጄ እንቢ አለኝ፤ ተውኩት።

በዚያ ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ጡረታዬን ፈርቼ ዝም አልኩ። ወንዳፈራሁ ግን ያውቅ ነበር። የእጅ ጽሕፈቴን ከእሱ በላይ ያነበበ ማን አለ? አንድም ቀን አላነሣብኝም።

ጓድ አፈወርቅ፣ ይህን ደብዳቤ ራሴ ጽፌዋለሁ። መመሪያውን የተላለፍኩት እኔ መሆኔን ይናገራል። የእሱ ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ይህ በእኔ ፋይል ይግባልኝ። ጡረታዬን ቢነካም ይንካ።

ወንዳፈራሁ ልጄ፣ ይቅር በለኝ።

ሌሎቻችሁንም፣ ጓድ አፈወርቅ ባይከፋቸው፣ በእግዚአብሔር ልመርቃችሁ። ጎተራችሁ አይጉደል። ልጆቻችሁ በጊዜ ይማሩ፤ እንደ እኔ አይዘግዩ። ሥራችሁ ይቃና። በጭንቅ ቀን የሚመሰክር ባልደረባ አያሳጣችሁ፤ እኔ እንደቆየሁት የማይቆይ።