ስቴል ስለሚባለው ቃል

ክቡር ርእሰ መምህራችን፣ ክቡራትና ክቡራን መምህራን፤ ዳቦ አስጋግራችሁ፣ ክረምት ሳይገባ ለጡረታ ሽኝቴ ስለ ተሰበሰባችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬአለሁ። በሰኔ ጭቃ ከግምጃ ቤት ከተማ እስከ እንጅባራ በእግሬ ተመላልሻለሁ። በአንድ ክፍል ዘጠና ተማሪ ይዣለሁ። የቆሰበር ብርድ ጣቶቼን እያደነዘዘ ጠመኔ ጨብጫለሁ። አንድ ቀን አቤት አላልሁም፤ የቀረጹኝ መምህራን አቤት ማለትን አላስተማሩኝም።

አንዲት ቃል ግን አልቻልሁም።

ከአምስት ዓመት በፊት መምህርት ሙፊዳ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ወደ እንግሊዝኛ ክፍላችን መጣች። ለተማሪዎች ኖት የማስጽፍበትን ደብተር ተውሳ በሳምንቱ መለሰችልኝ። እንዴት አገኘሽው ብላት አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ስቴል ሆኗል» አለችኝ።

ስቴል እንግሊዞች ለደረቀ ዳቦ፣ ለሰነበተ ምግብ የሚሉት ቅጽል ነው። ያን ደብተር? አንድ መንፈቅ ሙሉ ሰላምታ ነፈግኋት። መምህር ሽባባው ምስክሬ ነው፤ በመካከላችን ተቀምጦ መዝገብ ሲያቀባብለን ከረመ።

በቂም መዝገበ ቃላት አገላበጥሁ፤ አገኘሁም። ቃሉ ጥንት ሙገሳ ኖሯል! የእንግሊዞች ጠላ ሳይነካ ቆይቶ፣ አተላው ዘቅጦ፣ ሲጠራና ሲበረታ ነበር ስቴል የሚሉት። ደረቴን ነፍቼ መምህራን ማረፊያ ገባሁና በሁላችሁ ፊት አስረዳኋት።

እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ፣ «እኔ እንኳ ጠላ አልቀምስም፣ ጋሼ። ዛሬስ ቃሉ ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

ቤቴ ገብቼ ደብተሬን እንደ ባዕድ ሰው ጽሑፍ አነበብሁት። ፖስታ ቤት ሄዶ ቴሌግራም ስለ ማስመታት ሁለት ሙሉ ገጽ አለው። ተማሪዎቼ ያን ሁሉ ዓመት ዝም ብለው ገልብጠውታል። ለካ እኔም አቤት ማለትን አላስተማርኋቸውም።

በማግስቱ «ደኅና አደርሽ?» አልኋት። ይቅርታው ግን እስካሁን ከአፌ አልወጣም። ዛሬ ይውጣ፤ ሙፊዳ፣ ይቅር በይኝ።

ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ድምፃችሁ አይዛግ፣ ጉልበታችሁ አይዛል፤ ያስተማራችሁት ልጅ በልጦ ይጠይቃችሁ።

ደብተሩን ለመምህርት ሙፊዳ አስረክባለሁ፤ ከቀይ እስክሪብቶ ጋር። የሚጠቅመውን ታስቀር፣ የቀረውን ትሰርዝ።