ዳሌዎን ያዙሩ!

እኔ ጎልፍ ነው የማለማምደው፣ እዚሁ እንጦጦ። አንድ ቀን ጋሽ መኮንን የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ከኮተቤ መጡልኝ። ኳሷን በክንዳቸው ብቻ ነው የሚመቷት። «መጀመሪያ ዳሌ ይዞራል፣ ከዚያ ክንድ ይከተላል» ብል፣ ብል፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሼ፣ እንደ ግንድ አይገተሩ እንጂ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። እሺ ብለው ባለ በሌለ ኃይላቸው ሲዞሩ ሣሩ ላይ ተዘረሩ።

ደግፌ ሳነሳቸው ላብ አጥምቋቸዋል። «መኪና ገጭቶኝ ዳሌዬ ውስጥ ብረት ገብቷል» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ብነግርሽ ታስተምሪኝ ነበር?»

እውነቱን ለመናገር አላስተምራቸውም ነበር። አቀረቀርኩ። እሳቸው የጎልፍ ዱላውን መለሱልኝና እያነከሱ ወደ ታክሲው ወረዱ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ስልካቸው አለኝ፤ ግን በምን አፌ ልደውል?