ውሃ የጠጣው ገመድ

ነይ እስኪ ጎረቤቴ፣ ጥላው ላይ ተቀመጪ። ልጆች ደህና ናቸው? የባልሽ ወገብ ተሻለው? ተመስገን። እኔማ ይኸው ቃጫዬን እየገመድኩ ነው... ሌላ ምን ሙያ አለኝ?

ድምፄ ከፍ አለብሽ እንዴ? ጓሮዬን ለክቶ ገመዱን የሚጠቀልል እንግዳ አለብኝ፤ ብቻውን እንዳይከፋው ብዬ ነው።

እኔ ግን ከጧት ጀምሮ የማስበው ስለ አንድ ሰው ነው። ስሙ ምን ያደርግልሻል... ብቻ ጨዋ ሰው፣ የገዢው ቀኝ እጅ። ንጽሕናውስ ብትዪ! ገመዱን ሳያጥብ የሰው መሬት አይለካም። ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፎ ያሳድረዋል። ያን ገመድ የገመድኩት እኔው ነኝ፤ ስሸጥለት አርባ ክንድ ነበር። ዛሬ ሠላሳ አራት ሆኗል። ቃጫ ውሃ ሲጠጣ እንደሚኮማተር እሱ በምን ያውቃል? የዋህ ነው እኮ!

እጁ ላይ ያለው በረከት ደግሞ! የአባቴ ጓሮ ዕድሜ ልኩን አምስት ገመድ ነበር፤ ዘንድሮ ስድስት ገባ። አባቴ ሠላሳ ዓመት ሲቆፍረው አንድ ስንዝር አልጨመረም። ሰነፍ ነበር ማለት ነው?

አናጢው ወንድሜስ? መሬቱ አድጎ አድጎ ወንዙን ተሻገረ። የማዶው ሰውዬ መሬትም አድጎ ወደዚህ ተሻገረ። አሁን ሁለቱም ለአንድ ወንዝ ይገብራሉ። ያልተጠየቁት ዓሦቹ ብቻ ናቸው... ለኪውን ይሉኝታ ይዞት ይሆናል። ገዢውማ "ግዛቴ ያለ አንድ ወታደር ሰፋ" ብሎ ለንጉሠ ነገሥቱ ጽፎ ካባ ተሸለመ አሉ። ሲያንሰው ነው!

አትሳቂ እቴ፣ እኔ ፈርቻለሁ። የስድስተኛውን ገመድ ግብር እስከ እሑድ ካላስገባሁ ጓሮውም ቤቱም የገዢው ነው። አራት ልጆች ይዤ የት እገባለሁ? የሌለ መሬት ያለውን ሊበላብኝ ነው።

ተይው... እኔ በሰው ላይ ክፉ አልናገርም። እንዲያውም ልመርቀው፣ አንቺም አሜን በይ። ዕድሜ ይስጠው። አርጅቶ አልጋ ላይ ሲውል የሚጦሩት ልጆች ይስጠው፤ ሁሉም ቁርጥ አባታቸውን የመሰሉ። ምግቡን እነሱ ይስፈሩለት፣ ውሃውንም እነሱ ይለኩለት።