ከፎጣው ሥር ያለ ጣት

ማር ነጋዴው ይግዛው የጋምቤላን ፀሐይ ብቻውን የተሸከመ ይመስል በላብ ተጠምቆ የባሮን ድልድይ ሲሻገር፣ አንዲት ባጃጅ አጠገቡ ቀጥ አለች። ከውስጧ ዘላ የወረደችው ሀሴት ናት፤ በመቲ የሚያስተምሩት የመምህር ከተማ ልጅ፣ ኮምፒውተር ተምራ የማር ነጋዴዎች ማኅበር የቀጠራት። ይግዛውም ከዚያው ከመቲ ጫካ ማር የሚያወርድ፣ ባልዲው ሲከፈት ከባሮ ወዲህም ወዲያም ያለ ንብ ሁሉ ቆሞ ሰላምታ የሚሰጠው ሰው ነው። ይህን የሚናገረው እርግጥ እሱ ራሱ ነው።

«ጋሼ ይግዛው፣ ስልክዎ ለምን አይነሳም? ገዢዋ ወይዘሮ ቤርሳቤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሄዳሉ። የሌሎቹ ማር ተጭኖ አልቋል፤ የቀረው የእርስዎ ነው። ንብ አናቢዎን ካላስመዘገቡ አይወስዱትም።»

«ይሂዱ! የማሬን ምንጭ አደባባይ አላሰጣም። የአምናውን ረሳሽው?»

እሷ ብትረሳ እሱ አልረሳም። አምና ማኅበሩ የየነጋዴውን አናቢዎች ስም ለሁሉ በሚታይ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ። ብዙም ሳይቆይ ተፎካካሪው ኃይለኢየሱስ ቀድሞት ጫካ ገባ፤ አናቢዎቹን አጣድፎ ያልበሰለ ማር አስቆረጣቸው። ማሩ ኮመጠጠ፣ ቀፎው ተራቆተ። ለይግዛው የተረፈለት ስሙ ያልተለጠፈ አንድ አናቢ ብቻ ነው፤ ፒተር ይባላል። ፒተርም ከተነጠቀ ይግዛው ማር የሚሸተው ከሰው እጅ ላይ ብቻ ይሆናል።

«ያሁኑ ሰሌዳ አይደለም፤ ብሎክቼይን ነው» አለች ሀሴት።

«ሰምቻለሁ። ሁሉም የሚያየው፣ ማንም የማይፍቀው መዝገብ አይደል? ታዲያ ከሰሌዳው በምን ተሻለ? ሰሌዳውን እንኳ ዝናብ ያጥበዋል!»

ልጅቱ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ነገሩ እውነት ነበርና።

«ልክ ነዎት፤ ሁሉን የሚያሳይ ዓይነትም አለ። እኛ የመረጥነው ግን ምስጢር የሚጠብቀውን ነው። ለመሆኑ ጋሼ፣ ማር ሳይጀምሩ የከብት ደላላ አልነበሩም?»

«ነበሩ ወይ ትያለሽ? እኔ ጣቴን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር በሬው ራሱ ዋጋውን አውቆ ይንበረከክ ነበር!»

«ዋጋ የምትነጋገሩት እንዴት ነበር?»

ይግዛው የላብ መጥረጊያ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ በሁለት እጆቹ ላይ ጣለው። ከሥሩ ጣቶቹ ተርመሰመሱ።

«ይኸው! ከፎጣው ሥር የገዢውን ጣት እየጨበጥኩ ዋጋ እነግረዋለሁ። ገበያው ከቦን ይቆማል። መስማማታችንን ሁሉም ያያል። ጣቴ ስንት እንዳለ ግን የምናውቀው እኔና ገዢው ብቻ ነን።»

«ነገ ገዢው አልተስማማሁም ቢልስ?»

«ገበያው ምስክር ሆኖ? የት አባቱ ሊገባ!»

«እንግዲህ እሱ ነው። ገበያው የአባላቱ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ ሁሉም ቅጂው ስላላቸው አንዱ ሊፍቅ ቢነሳ ሌሎቹ ያጋልጡታል። ፎጣው ደግሞ በሒሳብ የተሸመነ ነው። ማሩ ንጹሕ መሆኑ፣ ከሚታወቅ አናቢ መምጣቱ ለሁሉም ይረጋገጣል። የአናቢው ስምና ዋጋው ግን ያለ እርስዎ የምስጢር ቁልፍ አይከፈትም።»

«ስኳር የቀላቀለውንስ? እሱንም ፎጣ ሊያለብሱት ነው?»

«ሒሳብ ማር አይቀምስም፣ ጋሼ። የሚፈትሸው የማኅበሩ ማር መርማሪ ነው። ውሸት ከገባ ውሸት ሆኖ ይቀመጣል፤ ማን እንዳስገባው ግን ተደብቆ አይቀርም።»

ይህች መልስ ከሁሉ በላይ ገባችው። ይግዛው ሁሉን እችላለሁ የሚል ነገር አያምንም፤ እሱ ራሱ ካልሆነ በቀር።

በባጃጇ የማኅበሩ መጋዘን ሲደርሱ የጭነት አይሱዙው ሞተር ተነሥቷል። ወይዘሮ ቤርሳቤ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ኃይለኢየሱስ ባዶ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይጎረጉራል። የይግዛው ማር ጠዋት ተመርምሮ አልፏል፤ የጎደለው አንድ ስም ነው።

«ከላኩት በኋላ አይመለስም» አለች ሀሴት ዝቅ ባለ ድምፅ።

አንበሳ በጥፊ አባርሬያለሁ የሚለው ሰው በስልኩ የመዝገቡን ገጽ ከፈተ። የፒተርን ስም ጻፈ። አጠፋው። ደግሞ ጻፈው። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ይግዛው ዓይኑን ጨፍኖ ላከው።

«ኃይለኢየሱስ! ስልክህን አውጣ። የእኔ ማር ከየት እንደመጣ ከመዝገቡ አንብብልኝ!»

ኃይለኢየሱስ ሁለተኛ ልመና አልፈለገም። ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ገፋ፤ ስሙ አቧራ ሥር የተቀበረ ይመስል መስታወቱን በእጅጌው ወለወለው። ይግዛው አንገቱን አሰገገ።

«ምን ይላል?»

«ንጹሕ የጫካ ማር፤ ከተመዘገበ አናቢ፤ ተረጋግጧል…» ኃይለኢየሱስ ቀና አለ። «ሌላ ነገር የለውም እኮ!»

ይግዛው ጣሪያውን የሚነቅል ሣቅ ሣቀ። «አየህ! ያንተን ማር ሰባት እጅ የሚያስከነዳው ይህ ማር እኮ ከማን መሰለህ? ከእነ ፒ…»

ሀሴት ፎጣውን ከትከሻው መንጭቃ አፉ ላይ ለጠፈችው። «ጋሼ! መዝገቡ የጠበቀውን እርስዎ ሊበትኑት!»

ወይዘሮ ቤርሳቤ እንኳ ሣቁ። «ጫኑለት» አሉ።

ኃይለኢየሱስ ግን አልሣቀም። ቆየት ብሎ ወደ ሀሴት ተጠጋና «እኅቴ፣ የእኔንም አናቢዎች ይሸፍናል?» አላት።

«የሁሉንም ይሸፍናል።»

አንባቢ ሆይ፣ ምስጢር መጠበቅና ማጭበርበር አንድ አይደሉም። ገዢ ሊያውቅ የሚገባውን ያውቃል፤ ተፎካካሪ ሊያውቅ የማይገባውን አያውቅም፤ ግብር ሰብሳቢ በሕግ ሲጠይቅ ባለቤቱ በቁልፉ ከፍቶ ያሳያል። ነጋዴ ምንጩ እንዳይነጠቅ ብሎ እውነቱን መደበቅ አያስፈልገውም። የሚሽቀዳደም ስለሌለም በዚያ ዓመት የፒተር ማር በልኩ በስሎ፣ በጊዜው ተቆረጠ።

ይግዛውማ ዛሬ በመቲ «ብሎክቼይንን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ በከብት ገበያ፣ በዚህ ፎጣ!» እያለ ያስተምራል። ማሩን ከማን እንደሚያመጣ የጠየቁት እንደሆነ ግን፣ ያንኑ ፎጣ አንሥቶ አፉን ይጠርጋል።